«ማስተር ኦፍ ፓፔትስ»ን የምትወዱ ሰዎች፣ ከየት ልጀምር?

ናቲ_ሳሪስ፦

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ሙዚቃ በደንብ የሚያዳምጥ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው የምጠይቀው። የሜታሊካን «ማስተር ኦፍ ፓፔትስ» አልበም ሰሞኑን ማዳመጥ ጀምሬያለሁ። ያወቅኩት እንደ ብዙ እኩዮቼ በ2022 ኔትፍሊክስ ላይ በወጣ ተከታታይ ድራማ ነው። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን እዚያ ላይ ሲጫወት ሰማሁትና ልቤን ወሰደው። ከዚያ ሙሉ አልበሙን አወረድኩት።

ችግሬ እዚህ ጋ ነው። ያንን አንድ ዘፈን እወደዋለሁ። የቀሩት ሰባቱ ግን ተደበላልቀው አንድ ይሆኑብኛል። ፍጥነት፣ ጩኸት፣ ረጅም ሶሎ፣ እንደገና ጩኸት። ከአምስት ደቂቃ የሚያንስ ዘፈን ደግሞ የለም። ሰው ሁሉ ግን በሄቪ ሜታል ታሪክ ከተሠሩት ምርጦች አንዱ ነው ይላል። እኔ ክራር እየተማርኩ ነው፤ ማዳመጥ ያቅተኛል ብዬ አላስብም። እናንተ ምን ሰምታችሁ ነው የወደዳችሁት? በቅደም ተከተሉ ነው የሚሰማው? ግጥሙን መከተልስ ግድ ነው?

ባለቤዙ፦

ናቲዬ፣ ጆሮህ ደህና ነው። ይሄ አልበም በአንድ ጊዜ የሚገባ አይደለም።

እኔ ቤዝ ጊታር ነው የምጫወተው። ያለሁት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ የሐበሻ ሰርግ ላይ ነኝ። ስለዚህ የምነግርህ ሁሉ በቤዝ ተጫዋች ጆሮ የተሰማ ነው። ሌላው ሰው ስለ ፍጥነቱ ይነግርህ ይሆናል። ለእኔ የአልበሙ ትልቅ ነገር ፍጥነቱ አይደለም። የት ጋ እንደሚቆሙ፣ የት ጋ ዝም እንደሚሉ ማወቃቸው ነው። ያንን ያስተማራቸውም ቤዝ ተጫዋቻቸው ክሊፍ በርተን ነው ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምንህ። በስልክህ ስፒከር አትስማው። የስልክ ስፒከር ቤዝ አያወጣም፤ ቤዙ ሳይሰማ ደግሞ የአልበሙ ግማሽ ይጠፋል። ደህና ኢርፎን ከሌለህ ተዋስ።

ከዚያ ቀጥታ ሰባተኛው ላይ ሂድ። «ኦራየን» ይባላል። ስምንት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው፤ ዘፋኝ የለውም። ሙዚቃው ከሩቅ ቀስ እያለ ይገባል። ያ መጀመሪያ ላይ የምትሰማው ወፍራም ድምፅ ኪቦርድ ይመስላል፤ ግን የበርተን ቤዝ ነው። ከዚያ ጊታሮቹ ገብተው እየረገጡ ይሄዳሉ። አራት ደቂቃ አካባቢ ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል። ቤዙ ብቻውን ይቀርና ቀስ ያለ፣ እየዞረ የሚመለስ ዜማ ይጀምራል። እዚህ ጋ እግርህን ልብ በለው። ምቱ 6/8 ነው። የእኛ ችክችካም እኮ 6/8 ነው። ይሄኛው በጣም የዘገየ ስለሆነ እስክስታ አይወርድበትም፤ ግን በችክችካ ያደገ ጆሮ እዚያ ውስጥ መንገድ አይጠፋበትም። እኔ በየሰርጉ የምቆጥረውን ቆጠራ የካሊፎርኒያ ልጅ እንደዚያ አርግቦ ሲጫወተው ስሰማ፣ እስከ ዛሬ ድረስ ደስታው ያው ነው።

ቀጥሎ ጊታሮቹ ተጣምረው ዜማውን ከቤዙ ይቀበሉታል። ስድስት ደቂቃ ተኩል ካለፈ በኋላ የምትሰማውን ሶሎ ብዙ ሰው ጊታር ነው ይላል። እሱም ቤዝ ነው። በርተን ቤዙን ድምፁን በሚያሻክር ዲስቶርሽንና ድምፁን በሚያንቋርር ዋህ ፔዳል ያሳልፈው ነበር፤ የሚጫወተውም በፒክ (ክር በሚመታበት ትንሽ ቁራጭ) ሳይሆን በጣቱ ነው። ድምፁ ይነዝራል። ክራር ስለምትማር በገናም ሳትሰማ አትቀርም። በገና ያንን ንዝረት የሚያገኘው በክሩና በድልድዩ መካከል ከምትገባው ቆዳ ነው። ቆዳዋን ብታወጣት ድምፁ ይጠራል፤ ግን በገና መሆኑ ይቀራል። የበርተን ቤዝም ለእኔ እንደዚያ ነው።

ስለ እሱ ትንሽ ልንገርህ፤ ካላወቅከው አልበሙ ሙሉ አይሆንም። ሜታሊካ የተመሠረተው ሎስ አንጀለስ ነው። በርተንን ሲያዩት ካልመጣህልን አሉት። እሱ ግን ከሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ አልንቀሳቀስም አለ። ባንዱ ተነቅሎ ወደ እሱ ሄደ። አንድ ቤዝ ተጫዋች ለማግኘት ብሎ ባንድ ሙሉ ከተማ ሲቀይር አስበው! ኮሌጅ ገብቶ ሙዚቃ የተማረ ልጅ ነበር፤ የጥንቱን ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ባኽን ይወድ ነበር። የመጨረሻውን ዘፈን የ«ዳሜጅ ኢንክ»ን መግቢያ ስማ። እንደ ማዕበል የሚነሳና የሚወርድ ድምፅ ነው። እሱንም በርተን ነው በቤዝ የሠራው፤ የተነሳውም ከባኽ መዝሙር ነው።

አልበሙ የተቀረፀው ዴንማርክ፣ ኮፐንሀገን ውስጥ ስዊት ሳይለንስ በሚባል ስቱዲዮ ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 1985 ድረስ እዚያ ከፕሮዲውሰሩ ከፍሌሚንግ ራስሙሰን ጋር ተቀምጠው ሠሩት። (ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመቱንም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የወጣው መጋቢት 3 ቀን 1986 ነው። ከዚያ ለኦዚ ኦዝበርን ኮንሰርት መክፈቻ ሆነው አሜሪካን ዞሩ። መስከረም 27 ቀን 1986 ስዊድን ውስጥ ሌሊት ሲጓዙ አውቶቡሳቸው ተገለበጠ። በርተን ሞተ። 24 ዓመቱ ነበር። አልበሙ ከወጣ ሰባት ወር እንኳን አልሞላውም። በቀብሩ ላይ «ኦራየን»ን አጫወቱለት። ይሄን ካወቅኩ ጀምሮ ያቺን የመሃል ክፍል ሌላ ሥራ እየሠራሁ መስማት አልቻልኩም። እጄ ላይ ያለውን አስቀምጣለሁ።

አሁን ወደምትወደው ዘፈን እንሂድ። በግጥሙ ሥር የሚሄደውን ሪፍ፣ ማለትም እየተደጋገመ የሚመጣውን አጭር የጊታር ሐረግ፣ እየቆጠርክ ስማው። አንድ ሁለት ሦስት አራት እያልክ በሰላም ትሄድና አራተኛው ዙር ላይ ቆጠራህ ሳይሞላ ይቆረጣል። ቀጣዩ ቀድሞህ ይገባል። ያ ነው የሚያንገበግብህ፣ ወንበር ላይ የማያስቀምጥህ። ዘፋኙና ጊታሪስቱ ጄምስ ሄትፊልድ ደግሞ ያንን ሁሉ ፒኩን ወደ ታች ብቻ እየመታ ነው የሚጫወተው። ወደ ታችና ወደ ላይ እያፈራረቁ መምታት ይቀላል። ወደ ታች ብቻ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ኖታ እኩል ክብደት ይይዛል። ጊታር ያለው ጓደኛህን በዚያ ፍጥነት እንዲሞክረው ጠይቀው፤ ክንዱ ይነግረዋል።

መሃል ላይ ያ ሁሉ ሩጫ ይቆምና ንጹሕ ጊታር ይመጣል። ያቺን ዝግ ያለች፣ የምታለቅስ ሶሎ የሚጫወታት ሄትፊልድ ነው፤ ዘፋኙ ራሱ። ሊድ ጊታሪስቱ ኪርክ ሃሜት በኋላ የምትመጣዋን ፈጣኗን ነው የሚወስደው። ግጥም ሲጮኽ የምናውቀው ሄትፊልድ በጣቱ እንደዚያ ሲለሰልስ ለእኔ የአልበሙ ሁለተኛ ተአምር ነው።

ከዚያ በኋላ «ሳኒቴሪየም»ን፣ ቀጥሎ «ባተሪ»ን፣ ቀጥሎ «ዲስፖዘብል ሂሮስ»ን ስማ። ሦስተኛው ላይ ያለውን «ዘ ቲንግ ዛት ሹድ ኖት ቢ»ን አቆየው። ከባድና ዘገምተኛ ነው፤ ሌላውን ከወደድከው በኋላ ራሱ ይመጣልሃል። ግጥሙን በመጀመሪያው ዙር ተወው። በኋላ ግን አንብበው።

ሰናይት_ቶሮንቶ፦

ይቅርታ ልጆች፣ እኔ ሙዚቃውን አላውቀውም፤ ርዕሱን አይቼ ነው የገባሁት። የልጄ ክፍል ግድግዳ ላይ የዚሁ አልበም ሥዕል ተለጥፏል። ነጭ መስቀል የሞላበት መቃብር፣ ቀይ ሰማይ፣ ከላይ ደግሞ ክር የሚጎትቱ እጆች። ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ጎበዝ ተማሪ ነው፣ ቤተ ክርስቲያንም ይሄዳል፣ ምንም የሚከፋ ነገር አላየሁበትም። ግን ያ ሥዕል ይረብሸኛል። ስጠይቀው «እማዬ አይገባሽም» ይለኛል። እናንተ ታውቁታላችሁና እውነቱን ንገሩኝ። ሰይጣን የሚያመልኩ ናቸው?

ባለቤዙ፦

እህቴ ሰናይት፣ ጭንቀትዎ የእናት ጭንቀት ነው፤ የማውቀውን በሙሉ ልብ እነግርዎታለሁ።

ሰይጣን ማምለክ በዚህ አልበም ውስጥ የለም። ሥዕሉን እንደገና ቀረብ ብለው ይዩት። አንዱ መስቀል ላይ የወታደር የብረት ቆብ ተሰቅሏል። ሌላው ላይ ወታደር አንገቱ ላይ የሚያስራት መታወቂያ አለች። የጦር መቃብር ነው። ከላይ ያሉት እጆች ደግሞ እነዚያን ሰዎች እንደ አሻንጉሊት ሲጎትቱ የነበሩት ናቸው። አልበሙ ከሞላ ጎደል ስለዚህ ነው፤ ሰውን በክር ስለሚጎትት ኃይል።

ርዕሱን በያዘው ዘፈን ውስጥ የሚናገረው ሱስ ነው። ዕፁ ራሱ አፍ አውጥቶ የያዘውን ሰው «ጌታህ እኔ ነኝ» እያለ ያዘዋል። መጨረሻ ላይ የሚሰማው ሳቅ የእሱ ሳቅ ነው። ልጆችን ከዕፅ ለማራቅ ከዚህ የበለጠ የሚያስፈራ ነገር እኔ አልሰማሁም። «ዲስፖዘብል ሂሮስ» ስለ አንድ ወጣት ወታደር ነው። አዛዡ ወደ ግንባር ተመለስ፣ ተመለስ ይለዋል፤ ልጁ ደግሞ ለምን እንደሚሞት አያውቅም። ጦርነት ከቤቷ ሰው የወሰደባት አገር ልጅ ሆኜ ያንን ዘፈን ስሰማ ዘፈን ብቻ አይሆንልኝም። «ሳኒቴሪየም» የአእምሮ ሕክምና ቤት ውስጥ ተዘግቶበት የቀረ ሰው ነው የሚናገርበት።

«ሌፐር መሳያ» ስሙ ያስደነግጥ ይሆናል። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን እየሰበኩ ገንዘብ ላኩልኝ ስለሚሉ ሰዎች ነው። እንዲህ ያለ ሰባኪ ምን እንደሆነ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ሄትፊልድ ስለ እምነት ሲጽፍ ቁጣ ይሰማበታል፤ ይሄን አልክድዎትም። 16 ዓመቱ ላይ እናቱን በካንሰር አጥቷል። ቤተሰቡ የክርስቲያን ሳይንስ ተከታዮች ስለነበሩ ሕክምና አይቀበሉም ነበር። ቁጣው ከዚያ ሐዘን የመጣ ይመስለኛል።

አንድ ዘፈን ደግሞ ከባሕር የሚወጣ ጭራቅ ይተርካል፤ ላቭክራፍት ከሚባለው አሜሪካዊ ደራሲ አስፈሪ ታሪኮች የመጣ ነው። ጨለማ አልበም ነው፤ ደስ የሚል ነገር ብዙ የለውም። ግን የሚያዝነው ለተጎዳው ሰው ነው።

ከቻሉ ልጅዎ አጠገብ ቁጭ ብለው «ዲስፖዘብል ሂሮስ»ን በአማርኛ ተርጉምልኝ ብለው ይጠይቁት። አይገባሽም ያለው ራሱ ማስረዳት ሲጀምር ደስ ይለዋል።

ዶን_ሪፍ፦

ባለቤዙ፣ ስለ በርተን ያልከውን ሁሉ እፈርምበታለሁ። ግን አንድ ነገር ዘለልክ። ይሄ አልበም የ1984ቱ «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» ዕቅድ ነው። ቆጥረህ እይ። ሁለቱም በአኩስቲክ ጊታር ይከፈቱና ወዲያው ወደ ፈጣን ዘፈን ይገባሉ። ሁለተኛው ላይ የአልበሙ ርዕስ። ሦስተኛው ላይ ዘገምተኛና ከባድ። አራተኛው ላይ በለስላሳ ጀምሮ መጨረሻ ላይ የሚፈነዳ። ያለ ግጥም የሚሄደው ረጅም ሙዚቃ ወደ መጨረሻ አካባቢ። ስቱዲዮው ያው፣ ራስሙሰንም ያው። መንገዱን የጠረገው የመጀመሪያው ነው፤ ምስጋናው ሁሉ ለሁለተኛው መሄዱ ያንገበግበኛል። የዚያኛው አራተኛ ዘፈን «ፌድ ቱ ብላክ»ም ከ«ሳኒቴሪየም» እጅግ ይበልጣል።

ባለቤዙ፦

ዶን፣ ቅደም ተከተሉን በትክክል ነው ያየኸው። «ፌድ ቱ ብላክ» ላይም ካንተ ጋር ነኝ፤ እሱን የሚያህል አራተኛ ዘፈን አልሠሩም።

ግን ሁለቱን መክፈቻዎች አስተያይ። «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» ላይ አኩስቲኩ ያልቅና ሌላ ሙዚቃ ይጀምራል፤ ቆንጆ ነው፣ ግን ሁለቱ አይተዋወቁም። «ባተሪ» ላይ ግን በአኩስቲክ የጀመረውን ዜማ ራሱን ነው የኤሌክትሪክ ጊታሮቹ ተቀብለው በትልቁ የሚሉት። ያኔ ዜማው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባሃል። ከዚያ ብቻ ነው ሩጫው የሚጀምረው። ዕቅዱ ያው ነው፤ በዕቅዱ ውስጥ ያለው መገጣጠም ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ሆኗል። ሪትም ጊታሩንም ስማው። ሄትፊልድ ያንኑ ሪፍ ደጋግሞ እየቀረፀ ደራርቦታል፤ አንድ ጊታር እስኪመስል ድረስ እኩል ነው። ኮምፒውተር የሚያስተካክልለት በሌለበት ዘመን!

ምስጋናው የሄደበትን ደግሞ አትቆጭበት። ያኔ ቪዲዮ ክሊፕ እንኳን አልነበራቸውም፤ የመጀመሪያውን የሠሩት በሌላ አልበም፣ በ1989 ነው። ይሄ አልበም ያለ ክሊፕ የአሜሪካ አልበሞች ደረጃ በሚወጣበት የቢልቦርድ ዝርዝር ላይ 29ኛ ደረሰ። በኋላ አሜሪካ ውስጥ ስድስት ጊዜ ፕላቲነም (ስድስት ሚሊዮን ቅጂ ማለት ነው) ሆነ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለትውልድ ይጠበቁ ብሎ በሚመርጣቸው ቅጂዎች ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የሜታል ሥራም ይሄው ነው።

ሰናይት_ቶሮንቶ፦

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። የብረት ቆቡን አየሁት። ዛሬ ማታ ከሥራ ስገባ እንዳልከኝ እጠይቀዋለሁ።

ናቲ_ሳሪስ፦

ጋሼ ባለቤዙ፣ እንዳልከኝ አደረግኩ። የወንድሜን ኢርፎን ተዋስኩና «ኦራየን»ን ጀመርኩ። እውነት ነው የምልህ፣ ቤዝ የሚባል ነገር እንዳለ ያወቅኩት አሁን ነው። መሃሉ ላይ ሁሉም ሲቆም መጀመሪያ ስልኬ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያ ዜማ መጣ። ችክችካ ያልከውንም አገኘሁት፤ እግሬ ቀድሞኝ ነው ያገኘው። ከዚያ «ሳኒቴሪየም» ስመጣ አሁን ድብልቅልቅ አላለብኝም፤ ቤዙን ይዤ ስለምከተል ሌላው ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። የተቆረጠውን ቆጠራ ግን ገና አልያዝኩትም።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ያቺን የ«ኦራየን» ዝግ ያለች ዜማ ክራር ላይ ማውጣት ይቻላል? ቀጥሎስ የትኛውን አልበም ልስማ?

ባለቤዙ፦

ናቲ፣ ደስ አሰኘኸኝ።

ክራር ላይ ሙሉዋን አታገኛትም። ክራርህ የሚቃኘው በአምስት ድምፅ ነው፤ ዜማዋ ከዚያ የወጡ ኖታዎች ይፈልጋል። አንዱን ክር ከቅኝቱ አውጥተህ እያላላህና እያጠበቅክ ብትፈልግ የመጀመሪያውን ሐረግ ልትቀርበው ትችላለህ፤ አስተማሪህ ግን ደስ አይለውም። ይልቅ ቤዝ ወይም ጊታር ያለው ሰው ፈልግና እሱ ቤዙን ሲይዝልህ አንተ 6/8ቱን በክራርህ ምታለት። እሱን ብሰማው እወዳለሁ። ስትቀርፁት እዚህ አምጣልኝ።

ለተቆረጠው ቆጠራ፦ እግርህን ተወውና ጭንቅላትህን ነቅንቅ። በሦስቱ ዙር እኩል ትነቀንቃለህ፤ አራተኛው ላይ አንገትህ ወደ ላይ ሊመለስ ሲል ሪፉ ይቀድምሃል። አንገትህ ከያዘው ጣትህም ይይዘዋል።

ቀጥሎ ዶን የሚወደውን «ራይድ ዘ ላይትኒንግ» ስማ። መጨረሻው ላይ «ዘ ኮል ኦፍ ክቱሉ» አለ፤ እሱም ግጥም የለውም፣ በርተንም እዚያ ላይ ጎልቶ ይሰማል። ከእሱ በኋላ ወደ 1988ቱ «ኤንድ ጀስቲስ ፎር ኦል» እለፍ። በርተን የለም፤ ጄሰን ኒውስቴድ ነው የሚጫወተው። ቤዙን ግን የተቀረፁትን ድምፆች ሲያዋህዱ (ሚክሲንግ ላይ) ስለቀነሱት አይሰማም ማለት ይቻላል። ዘፈኖቹ ግሩም ናቸው፤ ከሥር ያለው ቦታ ግን ባዶ ነው። ያኔ እዚህ አልበም ላይ ምን እንደነበራቸው በራስህ ጆሮ ትለየዋለህ። ስምንተኛውን ዘፈን አትዝለለው፤ «ቱ ሊቭ ኢዝ ቱ ዳይ» ይባላል። የተሠራው በርተን ትቷቸው ከሄደው ሙዚቃ ነው፤ ስሙም ከደራሲዎቹ ጋር ተጽፏል።

ኢርፎኑን ለወንድምህ ገና አትመልስለት።